የቀላይ ሹማምንት፦ ለልብ ወለድ ሀገር ማዕረግ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም፣ መነሻ

የምጽፈው ልብ ወለድ ቀላይ በምትባል ሀገር ውስጥ የሚፈጸም ነው። ቀላይ በካርታ ላይ የለችም። በደጋ ተራሮች መካከል የተኛ ሰፊ ሐይቅ ናት፤ ደሴቶች አሏት፤ በዳርቻዋም ውኃው ሲሸሽ የሚታረስ፣ ውኃው ሲመለስ የሚዋጥ ጥቁር መሬት አለ። ሰዎቿ በደንገል ታንኳ ይጓዛሉ። ቤተ መንግሥቷ የረጋ መቀመጫ የለውም፤ እንደ ወቅቱ ከደሴት ወደ ደሴት በታንኳ ይዞራል።

እስካሁን በጻፍኳቸው ምዕራፎች ውስጥ ባለሥልጣን ሁሉ «ጌታዬ» ተብሎ ይጠራል። የጦር አለቃው ጌታዬ፣ ዳኛው ጌታዬ፣ ግብር ሰብሳቢውም ጌታዬ። ማን ለማን እንደሚነሣ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ከአጠራሩ አይለይም። ታሪኩ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሹመትና የሽረት ታሪክ ነው። ስለዚህ ልብ ወለዱን ለጊዜው አሳድሬ የማዕረግ ደብተር ከፈትኩ። እዚህ የምጽፈው ደብተሩ ሲሞላ ያሰብኩትንና የወሰንኩትን ነው።

መስከረም፣ ከሁለት መንገዶች መካከል

አንዱ መንገድ ከአየር ላይ ድምፅ መፍጠር ነው፤ ትርጉም የሌለው፣ ለጆሮ እንግዳ የሆነ ስም። ይህን አልፈለግኩም። አንባቢ እንዲህ ያለውን ስም ያጠናዋል እንጂ አይፈራውም፣ አያከብረውም። ሌላው መንገድ የራሳችንን ማዕረጎች እንዳሉ ማንሣት ነው፦ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ባላምባራስ። እነዚህ ክብደት አላቸው። ደጃዝማች ሲባል አንባቢዬ ካባውን፣ በቅሎውን፣ ከኋላ የሚከተለውን አጃቢ ሳልነግረው ያያል። ነገር ግን ያ ሁሉ ሲመጣ ጎንደርም ሸዋም አብረው ይመጣሉ። «የማን ዘመን ነው? የየትኛው ንጉሥ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቀላይ ደግሞ የራሷ ዘመን ያላት ሀገር እንድትሆን ነው የምፈልገው።

የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው፦ የእኛ ማዕረጎች እንዴት እንደተወለዱ፣ እንዴት እንደኖሩ፣ እንዴት እንደደከሙ አይቼ ያንኑ አሠራር ወደ ሐይቁ ማውረድ። ስሙን ትቼ አወላለዱን መውሰድ ነው።

መስከረም መጨረሻ፣ የጦር ሰፈሩ

የእኛን የማዕረግ ሥርዓት ለመረዳት ከዙፋን ይልቅ ከድንኳን መጀመር ይሻላል። ነገሥታቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት በጉዞ ነው፤ ቤተ መንግሥት ማለት ሰፈር ነበር። የንጉሡ ድንኳን መካከል ላይ ይተከላል። ከፊት ቀድሞ የሚሄደውና ጠላትን አስቀድሞ የሚገጥመው ጦር የፊታውራሪ ነው፤ በቀኝ ያለው የቀኝአዝማች፣ በግራ ያለው የግራአዝማች፤ በንጉሡ ደጅ ያለውን የሚያዝ ደጃዝማች። ከነዚህ ሁሉ በላይ ራስ አለ። ሰፈሩን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ቢኖር የመንግሥቱን መዋቅር መሬት ላይ ተዘርግቶ ያገኘው ነበር። ለወታደሩም ይህ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ በማያውቀው ሜዳ ላይ ሲመሽበት እንኳ የአለቃውን ድንኳን በየት በኩል እንደሚፈልግ ያውቃል።

ይህ ነገር የምር ገረመኝ። ከማዕረጎቹ መካከል «ኃያሉ» ወይም «ታላቁ» የሚል የለም። ሁሉም የቆመበትን ቦታ ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያንም ብንሄድ ያው ነው፤ በማኅሌት መዘምራኑ ለሁለት ተከፍለው ሲቆሙ በቀኝ ቀኝ ጌታ፣ በግራ ግራ ጌታ፣ ከነዚህም በላይ መሪጌታ አለ። ጦሩም ዝማሬውም በአንድ ዓይነት አሰላለፍ የቆሙ ናቸው።

አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ሰፈር የወጣች ከተማ ናት። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየተመሩበት ሲሰፍሩ ተከታዮቻቸው አብረው ሰፈሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር የመሰሉ ስሞች ከዚያ ወዲህ ቀርተው ዛሬም የታክሲ ረዳት ይጠራቸዋል። «ሰፈር» የምንለው ነገር ራሱ ከጦር ሰፈር ጋር ያለው ዝምድና ለእኔ ሥራ ትልቅ ፍንጭ ነው፦ በቀላይ ማን የት እንደሚቀዝፍ ካወቅኩ፣ ማን ምን ተብሎ እንደሚጠራም አውቃለሁ።

ጥቅምት፣ የታንኳው አሰላለፍ

በትልቅ ወረቀት ላይ የታንኳዎቹን ጉዞ ሳልኩ። መካከል ላይ የገዢዋ ታንኳ። ማዕረጎቹ ከሥዕሉ ራሳቸው ወጡ።

ከፊት የሚሄደው ፊት ቀዛፊ ነው፤ ከቋጥኝና ከጠላት ቀድሞ የሚጋጨው እርሱ ነው። በቀኝ ቀኝ ቀዛፊ፣ በግራ ግራ ቀዛፊ። ከኋላ ያለው ኋላ ጠባቂ ይባላል፤ የወደቀውን ያነሣል፣ የከዳውን ይይዛል። በሌሊት ጉዞ ችቦ ይዞ የሚመራው ፋና ያዥ ነው። ታንኳዎቹ ሲቆሙ የማቆሚያውን ድንጋይ የሚጥለው ድንጋይ ጣይ፣ ዳርቻ ላይ የሚጠብቀው ወደብ ሹም። ከሁሉም ቀዛፊዎች በላይ፣ ሐመሮቹን ሁሉ የሚያዝ ሊቀ አሕማር አለ።

ቀኝ ከግራ ይበልጣል? በእኛ ቀኝአዝማች ከግራአዝማች ይበልጣል። በቀላይ ግን ነፋስ ከምሥራቅ የሚነሣበት ወራት አለ፤ ያን ጊዜ ማዕበሉን የሚቀበለው ግራ ቀዛፊ ነው። ስለዚህ በነፋስ ወራት ግራ ይበልጣል፣ በጸጥታ ወራት ቀኝ። ሁለቱ ሹማምንት በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ቦታ ሲለዋወጡ የሚነሣው ጠብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ጥቅምት፣ ግእዝ ለላይ፣ አማርኛ ለታች

ዝርዝሩን ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ጎደለው። ሁሉም በአንድ ቋንቋ የተጠራ ይመስላል። በእኛ ዘንድ ግን የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክህነቱ ማዕረግ በግእዝ አካሄድ የተጋጠመ ነው፦ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ አፈ ንጉሥ፣ ሊቀ መኳስ፣ ንቡረ እድ። ወደ መንደር ስንወርድ ቋንቋውም አብሮ ይወርዳል፦ ጭቃ ሹም፣ መልከኛ፣ አጥቢያ ዳኛ። ገበሬው በየዕለቱ የሚጋፈጠው ሹም በገበሬው ቋንቋ ይጠራል፤ ሩቅ ያለው ሹም በቅዳሴ ቋንቋ። ርቀቱ ገና ስሙ ሲጠራ ይሰማል።

ስለዚህ በቀላይም ከላይ ያሉትን በግእዝ አካሄድ ሠራኋቸው። ገዢዋ ርእሰ ቀላይ ናት። ቃሏን የሚናገርና በስሟ የሚፈርደው አፈ ቀላይ፤ የውኃውን መዝገብ የሚይዘው ጸሐፌ ማይ። ከታች ያሉት ግን ድንጋይ ጣይ፣ ፋና ያዥ፣ ውኃ ለኪ ሆነው ይቀራሉ። አንባቢዬ ሕጉን ባልነግረውም ጆሮው ያውቀዋል። ይህን መጠቀም የምችለው አማርኛ ስለምጽፍ ነውና ደስታዬ ትልቅ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ማዕረግና ኃይል

መሰላሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ታሪክ አይወጣውም። ይህን ያስተማረኝ የ1900 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ሹመት ነው። ዐፄ ምኒልክ በዚያ ዓመት ጥቅምት የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የተመረጡትን ሰዎች ማዕረግ ተመልከቱ፦ አፈ ንጉሥ ነሲቡ ለፍርድ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለጦር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ለጽሕፈት፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ለገንዘብ፣ ሊቀ መኳስ ከተማ ለአገር ግዛት፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ፣ ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ለእርሻ፣ አዛዥ መታፈሪያ ለግቢ። ራስ የለበትም። ታላላቆቹ ራሶች በየግዛታቸው ናቸው፤ ማዕከሉን የያዙት በሥራቸው የታወቁ፣ ማዕረጋቸው መካከለኛ የሆነ ሰዎች ናቸው።

ከነዚህ ሁሉ ልቤን የያዘው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በቅጽል ስሙ አባ መላ ነው። በ1919 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ የጦር ሚኒስትር ነበረ፤ ነገሥታት ሲወርዱና ሲወጡ የእርሱ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ማዕረጉ ግን እስከ መጨረሻው ፊታውራሪ ነው። ራስ የተባሉ ሰዎች ፊታውራሪ ፊት ቃላቸውን መርጠው የተናገሩበት ዘመን ነበር ማለት ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ በዘመነ መሳፍንት ይገኛል፤ ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት የሚባለው በቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ አገሩን የሚገዛው የየጁው ራስ ነበር። የማዕረግ ስም ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ስምም ሞልቶ ሊፈስ ይችላል።

ቀላይ የራሷ አባ መላ ያስፈልጋታል አልኩ። ሥዕሉን እያየሁ ከታችኛው ጥግ ያገኘሁት ውኃ ለኪውን ነው።

የውኃ ለኪው ሥራ ተራ ነው። ክንድና ስንዝር የተቀረጸበት የድንጋይ ዓምድ ከውኃው ውስጥ ቆሟል፤ በየማለዳው እየሄደ ያነባል። ነገር ግን የቀላይ መሬት ሁሉ የሚደለደለው በዚህ ድንጋይ ነው። ከውኃው የወጣ መሬት የአራሹ ነው፤ ውኃ የሸፈነው የርእሰ ቀላይ ነው። ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከካይሮ ነው፤ በሮዳ ደሴት ላይ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የዓባይ መለኪያ ዓምድ ዛሬም ቆሟል። በዚያ አገር ጎርፉ 16 ክንድ ሲደርስ ዓመቱ የጥጋብ ነው ተብሎ ይታወጅ ነበር፤ ግብሩም ከውኃው ልክ ጋር የተያያዘ ነበር። ድንጋዩን የሚያነበው ሰው ጣቱን በአንዲት መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ቢያደርግ የስንት ሰው እንጀራ እንደሚወሰን አስቡት።

ጸሐፌ ማይ በግእዝ ስሙ፣ በክብር ወንበሩ ተቀምጦ መዝገቡን ይጽፋል። የሚጽፈው ግን ውኃ ለኪው የነገረውን ነው።

ኅዳር፣ ቁጥር

አጭር ማስታወሻ። የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ የሚለው መሰላል በሚያዙት ሰው ብዛት የቆመ ነው፤ በኋላ ዘመናዊው ጦር ተረክቦታል። ለቀላይ በመቅዘፊያ ብዛት አደረግኩት፦ የአሥር መቅዘፊያ አለቃ፣ የመቶ መቅዘፊያ አለቃ። ለወታደሩ ይበቃል። ከዚህ በላይ አልደክምበትም።

ኅዳር፣ አንተ እና እርስዎ

አማርኛ የማዕረግ ቋንቋ ነው። ማዕረጉን ባትጠራው እንኳ ግሱ ይናገርብሃል። «ና» ስትልና «ይምጡ» ስትል ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው፤ «አንቱ» ደግሞ የራሱ ጣዕም አለው፣ የባላገርና የሽማግሌ ክብር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማዕረግ ከስሙ ጎን አጠራሩን ጻፍኩ፦ ማን አንተ ይለዋል፣ ማን እርስዎ፣ ከኋላው ሲወራ «እሱ» ነው ወይስ «እሳቸው»። ርእሰ ቀላይን ፊት ለፊት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ልክ ጃንሆይ እንደሚባለው «ቀላይ ሆይ» ትባላለች።

ሠንጠረዡ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ከአራተኛው ምዕራፍ አንድ ቁራጭ ጻፍኩ። ቀኝ ቀዛፊ ደስታ ወደ ድንጋዩ ይመጣል። ውኃ ለኪ አስናቀ ባዶ እግሩን ውኃ ውስጥ ቆሟል።

«አንተ! ውኃው ስንት ገባ?» አለ ቀኝ ቀዛፊ፣ ከታንኳው ሳይወርድ።

አስናቀ ቀና አላለም። ጣቱን በድንጋዩ ላይ አስሂዶ አንድ መስመር ላይ አቆመ። «ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር።»

የቀኝ ቀዛፊ ወንድም መሬት ከዘጠኝ ክንድ መስመር ላይ ነበረ። አጃቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደስታ መቅዘፊያውን ለአሽከሩ ሰጥቶ ወረደ፤ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያዘው።

«ስንዝሯን» አለ ዝግ ብሎ፣ «ስንዝሯን እንኳ ደግመው ቢያዩልኝ።»

«አንተ» ብሎ የጀመረው ሰው «ቢያዩልኝ» ላይ ሲደርስ ኃይሉ ማን ዘንድ እንዳለ አንባቢ ያውቃል። ለዚህ ቦታ አንድም የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር አልጨምርም።

ኅዳር መጨረሻ፣ ግብር

ማዕረግ በደንብ የሚታየው ምግብ ላይ ነው። በምኒልክ ዘመን የግብር፣ ማለትም የንጉሥ ግብዣ፣ ሥርዓት ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ፤ ከታላላቆቹ ጋር የሚሆነው ከሆነ በኋላ መጋረጃው ይገለጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሌላው እንደ ደረጃው ተራ በተራ ይገባል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አጋፋሪ የሚባል ሰው አለ። ማን አሁን እንደሚገባ፣ ማን ደጅ እንደሚቆይ፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የሚያውቀው እርሱ ነው። ከውስጥ ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ አለ፤ እርሱን ያላለፈ ወደ ንጉሡ እልፍኝ አይዘልቅም። የሹመት ፍላጎት የነበረው ሰው ሁሉ አስቀድሞ የእነዚህን ሰዎች ፊት ያጠና ነበር።

በቀላይ ግብሩ የሚደረገው ታንኳዎቹ እርስ በርስ ታስረው እንደ አንድ ወለል ሲሆኑ ነው። ርእሰ ቀላይ መካከል ላይ ናት። ምግቡ ከእርሷ ታንኳ ተነሥቶ ወደ ውጭ እየተላለፈ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁሉም የሚበላው ከላዩ ያለው ካሳለፈለት ነው። አምባዛው ሲመጣ ጭንቅላቱ የፊት ቀዛፊ ነው፤ ከፊት የሚጋጨው እርሱ ነውና። የዓሣው መካከል የቀዛፊዎቹ፤ ጅራቱ የኋላ ጠባቂ። የታንኳዎቹን ገመድ የሚያስርና የሚፈታ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ገመድ ያዥ አልኩት። አጋፋሪዬ እርሱ ነው። ያልተወደደ ሹም ታንኳ የሚታሰረው በረጅም ገመድ ነው፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር ከወለሉ ይርቃል፣ ምግቡም በሰዓቱ አይደርሰውም። ሰው መሻሩን ከአዋጅ በፊት ከገመዱ ርዝመት ይረዳል።

ታኅሣሥ፣ ታንኳው ሲበሰብስ

የዚህ ሥራ እምብርት የምለው ይህ ነው።

ሹመት በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ንብረት አልነበረም፤ ንጉሥ ይሰጣል፣ ንጉሥ ይነሣል። እንደ ዋግ ሹምና እንደ አምባሰሉ ጃንጥራር ያሉ ከዘር ጋር የተያያዙ ማዕረጎች ቢኖሩም፣ የቀረው ሁሉ ሽረት የሚጠብቀው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ከዚህ ስጋት ነው። በኦሮሞ ገዳ ደግሞ ሥልጣን ራሱ ዕድሜ አለው፤ በ8 ዓመቱ ርክክብ ይደረጋል፣ አባ ገዳው በትሩን ለተከታዩ ያስረክባል። አንዱ ሥርዓት መጨረሻው የማይታወቅ ሹመት ነው፣ ሌላው መጨረሻው ከመጀመሪያው የታወቀ።

ለቀላይ ከሁለቱም የተለየ ነገር ፈለግኩ፣ መልሱም ከጣና ታንኳ መጣ። የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከውኃ እያወጡ ቢያደርቁትም በመጨረሻ ይበሰብሳልና በአዲስ ይተካል። በቀላይ ሹመት የሚሰጠው በታንኳ ነው። ርእሰ ቀላይ አዲስ ታንኳና መቅዘፊያ ስትሰጥ ማዕረጉ ይጸናል፤ ታንኳው ሲበሰብስ ማዕረጉ አብሮ ያልቃል። ሹሙ ተመልሶ መጥቶ ደጅ መጥናት አለበት።

ከዚህ አንዲት ሕግ የሚወጣውን ታሪክ ገና ቆጥሬ አልጨረስኩም። ሹሞች ታንኳቸውን ከልጃቸው አብልጠው ይንከባከባሉ። ከጦር ሜዳ ይልቅ ዳርቻ ላይ የሚያደርቅ ሰው «ማዕረጉን ያሰጣል» ተብሎ ይታማል። ጠላት ያለው ሰው በሌሊት ታንኳውን ጠባቂ ያቆምበታል፤ ታንኳ መብሳት ከነፍስ መግደል እኩል የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ፈሪ ሹም ታንኳው እንዳይረጥብበት ይቀመጣል፣ ጀግናው ቶሎ ያበሰብሳል፤ ስለዚህ ጀግናው ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ከፈሪው ይበዛል። ቀላይ ጀግኖቿን የምትጎዳው በዚህ ነው፣ የልብ ወለዴም ሐዘን ከዚህ ይነሣል።

ታኅሣሥ፣ እመ ደንገል

ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ ደንገሉን የሚያጭደው ማነው? ይህን ስጠይቅ የሴቶቹ ማዕረግ ተከፈተልኝ።

በእኛ ታሪክ የሴት ማዕረግ ከባል ወይም ከልጅ ጋር እየተያያዘ ይታያል፤ እቴጌ ማለት በአብዛኛው የንጉሥ ሚስት ናት። እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ዘውድ ደፍተው አገሩን ሲያስተዳድሩ፣ እቴጌ ጣይቱም የራሳቸውን ጦር ይዘው ዐድዋ ሲዘምቱ በዚሁ ስም ነው። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ግን እቴጌ አልተባሉም፤ በራሳቸው የነገሡ ናቸውና ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። ያ ለውጥ ብዙ ነገር ይናገራል።

ርእሰ ቀላይ የሚለው ስም ወንድም ሴትም የሚይዘው ነው፤ አሁን ያለችው ሴት ናት። ባሏ በታንኳዋ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ መቅዘፊያ አይሰጠውም፤ ማዕረጉም ጎን ተቀማጭ ነው። ደንገሉ ግን የሴቶች ነው። በቀላይ ወንድ ይቀዝፋል፣ ሴት ታጭዳለች፣ ታስራለች፣ ትሠራለች። የአጫጆቹ አለቃ እመ ደንገል ናት፤ በአጠራር እሜቴ ትባላለች። ገዢዋ ለፈለገችው ሰው ማዕረግ መስጠት ትችላለች፤ ነገር ግን እመ ደንገል ደንገሉ አልደረሰም ካለች ታንኳ የለም፣ ታንኳ ከሌለ ማዕረግ የለም። ይህን ሥልጣን በየትኛውም ሕግ ላይ አልጻፍኩላትም። ከሥራዋ የተገኘ ነው። የታሪኬ ዋና ሰው ማን እንደሆነች ያወቅኩት እዚህ ላይ ነው፤ ከአምስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ መጽሐፉ የእርሷ ይሆናል።

ጥር፣ የተሻረ ሰው

ደብተሩን ለአንድ የሰፈራችን አዛውንት አነበብኩላቸው። በልጅነታቸው የግራዝማች ጎረቤት ነበሩ። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ይህ ሰው ሲሻር ምን ብለው ይጠሩታል?»

የእርሳቸው ጎረቤት ሹመቱ ከቀረ ከብዙ ዓመት በኋላም ግራዝማች ነበሩ፤ ሲሞቱም ቤታቸው የግራዝማች ቤት እንደተባለ ቀረ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱን ሲሽር የመኳንንቱም ማዕረግ አብሮ ተሻረ፤ አዋጁ ግን የጎረቤትን አፍ አልዘጋም። ሰው የለመደውን ስም በአዋጅ አይተውም።

ስለዚህ በቀላይ የተሻረ ሰው ስም ያስፈልገዋል። ፍንጩን ከፈረስ ስም አገኘሁ። ታላላቆቹ ሁሉ ከማዕረጋቸው ሌላ በፈረሳቸው ይጠሩ ነበር፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። የጅማው አባ ጅፋርማ ዓለም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። የፈረስ ስም ንጉሥ አይሰጠውም፣ ንጉሥም አይነጥቀውም። ፉከራና ዘፈን ነው የሚያኖረው።

በቀላይ ታንኳ ስም አለው፦ ዳር አድርስ፣ ማዕበል ግፋ። ሹሙ በሹመት ላይ እያለ ቀኝ ቀዛፊ እገሌ ይባላል፤ ሲሻር መቅዘፊያውን ይመልሳል፣ የበሰበሰው ታንኳ ስም ግን ይቀርለታል። አባ ዳር አድርስ ተብሎ ብቻ የሚጠራ ሰው መንገድ ላይ ካየህ ትናንት ሹም እንደነበረ ታውቃለህ። አንዳንዶቹ ለዚህ ስም ከማዕረጋቸው ይበልጥ ይኮሩበታል። አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «አሁን ሰው ሆነ» አሉኝ።

ጥር መጨረሻ፣ ማዕረግ ሲያረጅ

ማዕረግ በአፍ ሲመላለስ ያጥራል። ደጃዝማች ደጃች ሆነ፣ ቀኝአዝማች ቀኛዝማች፣ ግራአዝማች ግራዝማች። ቀላይም አሮጌ ሀገር ከሆነች ስሞቿ መታሸት አለባቸው። በአዋጅና በደብዳቤ ላይ ሊቀ አሕማር ተብሎ ይጻፋል፤ ቀዛፊዎቹ ግን ሊቃማር ይሉታል። ሰውን ከአነጋገሩ የቤተ መንግሥት ይሁን የዳርቻ ለመለየት ይህ ጠቅሞኛል።

ማዕረግ ደግሞ ይወርዳል። ወይዘሮ የመኳንንት ሴት ብቻ የምትጠራበት ስም ነበረ፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ትጠራበታለች። በአንጻሩ በመንግሥት ትእዛዝ ከላይ የመጣው «ጓድ» ሥርዓቱ ሲያልፍ አብሮ አለፈ። በቀላይ ይህን በአንዲት ቃል አሳየሁ፦ ፋና ያዥ። ድሮ የታላቅ ሹም ስም ነበር፤ ታሪኩ በሚፈጸምበት ዘመን በሠርግ ቤት ችቦ የሚይዝ ልጅ ሁሉ ፋና ያዥ ይባላል። አንድ አሮጌ ባለማዕረግ ብቻ አለ፣ በጥንቱ ትርጉም የተሾመ። ሰዎች ሲጠሩት ልጁን ይሁን እርሱን ሳይለይ ሁለቱም ይዞራሉ።

የካቲት፣ ወደ ልብ ወለዱ መመለስ

ደብተሩ ውስጥ ከሃያ በላይ ማዕረጎች አሉ። ለመጽሐፉ ሁሉንም አላወጣቸውም። አራተኛው ምዕራፍ ስድስት ብቻ ይጠቀማል፦ ርእሰ ቀላይ፣ ሊቀ አሕማር፣ ቀኝ ቀዛፊ፣ ጸሐፌ ማይ፣ ውኃ ለኪ፣ እመ ደንገል። የመቅዘፊያ አለቆቹ በስም ሳይሆን በጅምላ ያልፋሉ። ድንጋይ ጣይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ሥራው ሳይብራራ ይጠራል፤ ድንጋዩን ሲጥል አንባቢ ያየዋል።

ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የማዕረግ መፍቻ አልጨምርም። መፍቻ ካለ እኔ ራሴ በየገጹ ማሳየቱን እሰንፋለሁ፣ አንባቢም ታሪኩን ትቶ ወደ ኋላ ገጾች ይመላለሳል። ማዕረጉ ያለበት ቦታ፣ የሚበላው ሥጋ፣ የሚታሰርበት ገመድ፣ የሚጠራበት ግስ ከተቀመጠ ይበቃዋል።

የቀረኝ አንድ ሥራ አለ፦ የሹመቱን ቃል መጻፍ። ርእሰ ቀላይ መቅዘፊያውን ስትሰጥ የምትናገረው፣ ተሿሚው የሚመልሰው፣ እመ ደንገል ደግሞ አዲሱን ታንኳ ወደ ውኃ ስትገፋው የምትለው። ሦስቱም በተለያየ አማርኛ መሆን አለባቸው፤ የገዢዋ አጭርና ደረቅ፣ የተሿሚው በምስጋና የረዘመ፣ የእመ ደንገል ደግሞ ታንኳውን እንጂ ሰውየውን የማይጠራ። በዚህ ሳምንት የምጀምረው በእርሷ ነው።